የሠራተኛን ጭንቀት በሴንሰር ስትለኩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እጅ ላይ የሚታሰር ሴንሰር፣ አቀማመጥን የሚያነብ ወንበር፣ የኪቦርድና የማውስ አጠቃቀምን የሚመዘግብ ፕሮግራም። ሥራ ሳያስፈቱ ጭንቀትን ለመለካት መሣሪያ ሞልቷል። ችግሩ የሚመጣው ቁጥሩን ስናነበው ነው።

ልብ በፍጥነት ከመታ ጭንቀት ነው ማለት። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰር ጭንቀትን አያይም፤ የሚያየው የሰውነትን መነቃቃት ነው። ደረጃ የወጣ፣ ቡና የጠጣ፣ ሥራው ተሳክቶለት ደስ ያለው ሰውም ልቡ ድው ድው ይላል። ቆዳም ክፍሉ ሲሞቅ ያልባል። ስለዚህ እንቅስቃሴንና የክፍሉን ሙቀት አብራችሁ መዝግቡ። ከሁሉም በላይ ሰውየውን ጠይቁት። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት የጭንቀት መጠይቅ ዛሬም ይሠራበታል። ግን የሚጠይቀው ስላለፈው አንድ ወር ነው። የዛሬ ጠዋቱ ስብሰባ ምን እንዳደረገው ለማወቅ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ «አሁን እንዴት ነህ?» የምትል አጭር ጥያቄ ትሻላለች።

ሰውን ከሰው ማወዳደር። የልብ ምት በዕድሜ፣ በእንቅልፍ፣ በመድኃኒት ይለያያል። እያንዳንዱን ሰው ከራሱ የተረጋጋ ቀን ጋር አወዳድሩት።

የተበላሸ ንባብ ማመን። የእጅ ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው ወደ ቆዳ ብርሃን ልኮ ነው። እጅ ሲንቀሳቀስ ንባቡ ይዘበራረቃል። መተየብ ደግሞ እንቅስቃሴ ነው! ጭንቀትን ለመገመት የሚያገለግለው በምትና በምት መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ የሚለካው በሚሊሰከንድ ስለሆነ፣ አንድ ምት ቢዘለል እንኳ ውጤቱ ይዛባል። የተበላሸውን ጣሉት። ከውሸት ቁጥር ባዶ ቦታ ይሻላል።

ላብራቶሪን እንደ ቢሮ መቁጠር። ተመራማሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት «ዌሳድ» የተባለው የ2018 ዳታ የተሰበሰበው ከ15 ሰዎች ነው። ያስጨነቃቸውም በሰው ፊት መናገርና በቃል ሒሳብ መሥራት ነበር። በዚያ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል (ጭንቀትን የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ለሳምንታት የተጠራቀመ የሥራ ጫናን ይለያል ብላችሁ አትጠብቁ።

አለመረበሽን ከመደበቅ ጋር ማምታታት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሴንሰሩ ሠራተኛውን አይረብሸው እንጂ፣ ሠራተኛው መለካቱን ማወቅ አለበት። ፈቃድ መጠየቅም ብቻውን አይበቃም። አለቃው ፊት ቆሞ «እምቢ» ማለት ለስንቱ ይቀለዋል? የአውሮፓ ኅብረት በሥራ ቦታ ከሰው አካላዊ መረጃ ተነስቶ ስሜትን የሚገምት ኤአይን (ሰው ሠራሽ አስተውሎትን) እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ ከልክሏል፤ ለሕክምና ወይም ለደኅንነት ካልሆነ በቀር። የትም ብትሆኑ መረጃው መጀመሪያ ለባለቤቱ ይድረስ። ለአለቃ የሚሄደው የቡድን አማካይ ብቻ ይሁን። ቡድኑ ሦስት ሰው ከሆነ ግን አማካዩም አይሂድ፤ አንዱ ዕረፍት በወጣበት ሳምንት ቁጥሩ ከወረደ፣ የተጨነቀው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።