ቪላ ዴስቴን ከታች ወደ ላይ እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ በ1550 እ.ኤ.አ. በጣሊያን የምትገኘው የቲቮሊ ከተማ ገዢ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ያሠራው ይህ የአትክልት ስፍራ ከሮም በስተ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ንድፉን ያወጣው ፒሮ ሊጎሪዮ እንግዳ በታችኛው በር ገብቶ፣ እርከን በእርከን እየወጣ ቤቱ እንዲደርስ አድርጎ ነው የሠራው። ዛሬ ግን መግቢያው ከላይ በቤቱ በኩል ስለሆነ፣ ብዙ ጎብኚ ቦታውን ከመጨረሻው ጀምሮ ያየዋል።

1. ከሮም ቲቡርቲና ጣቢያ በባቡር፣ ወይም በሜትሮ ቢ እስከ ፖንቴ ማሞሎ ሄደው ኮትራል በሚባለው የአካባቢው አውቶቡስ ይድረሱ። የአውቶቡስ ትኬት ከመሳፈርዎ በፊት፣ የደርሶ መልሱን አንድ ላይ ይግዙ። "ባኚ ዲ ቲቮሊ" የሚል ጽሑፍ ሲያዩ እንዳይወርዱ፤ እሱ ከቲቮሊ በፊት ያለ ሌላ ቦታ ነው።

2. ሰኞ ጠዋት ዝግ ነው። ጫማዎ የማያንሸራትት ይሁን፤ ደረጃው ብዙ ነው፣ ድንጋዩም ብዙ ቦታ እርጥብ ነው።

3. ቤቱን አይተው ሲጨርሱ የትም ሳይቆሙ በመሐለኛው መንገድ እስከ ታችኛው በር ይውረዱ። ከዚያ ፊትዎን ወደ ላይ ያዙሩ። የፈረንጅ ጥዱ፣ ውሃውና ከሁሉም በላይ የተሰቀለው ቤት በአንድ መስመር ይታያሉ።

4. ወደ ላይ መውጣት ጀምረው ዓሣ ገንዳዎቹ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ፤ ከመጨረሻው ላይ በውሃ ኃይል በቧንቧዎች ዜማ የሚያሰማው የኦርጋኑ ፋውንቴን (ውሃ የሚፈናጠርበት ሥራ) አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4:30 ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ይጫወታል። በጣሊያን ሰሌዳ 10:30 ተብሎ ስለሚጻፍ በእኛ አቆጣጠር እንዳያነቡት። ዜማው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚቆይ ቀድመው ይቁሙ። ከላይ የሚወርደው ውሃ አየር ይዞ ወደ ዝግ ክፍል ይገባል፤ የታፈነው አየር ቧንቧዎቹን ይነፋል፣ ውሃው ደግሞ ዜማው የተቀረጸበትን ከበሮ መሰል ጥቅልል ያዞራል። በመላው ስፍራ ውሃውን የሚገፋ ሞተር የለም፤ ከአኒየኔ ወንዝ በከተማዋ ሥር በተቆፈረ ቦይ ይመጣና በቁልቁለቱ ኃይል ብቻ ይፈናጠራል። ሌላ ምንም ባያዩ ይህ ኦርጋን እንዳያመልጥዎ።

5. ወደ ላይ ሲቀጥሉ መቶ ፋውንቴን የሚባለውን ረጅም መተላለፊያ ያገኛሉ። በስተ ግራ ጫፉ ያለው ሞላላ ፋውንቴን ቲቮሊን፣ በስተ ቀኝ ያለው ሮሜታ ማለትም "ትንሿ ሮም" ደግሞ ሮምን ይወክላል። ስለዚህ ከግራ ወደ ቀኝ ይራመዱ፤ ውሃው ከቲቮሊ ተራሮች ወደ ሮም የሚወርድበትን ጉዞ በእግርዎ ይከተላሉ።

6. ሁለት ሰዓት ተኩል ይመድቡ። ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ይህ አካሄድ ይከብዳል፤ እነሱ ከላይኛው ሰገነት ሁሉን ካዩ በኋላ እስከ መቶ ፋውንቴን ወርደው ቢመለሱ ይሻላል።