በሰው አገር «ታገቢኛለሽ?» ከማለትህ በፊት ልትርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታናሽ ወንድሜ በሚቀጥለው ወር ፍቅረኛውን ሊጠይቃት ነው። ሁለቱም የሚኖሩት ከቤተሰብ ርቀው በሰው አገር ነው። ባለፈው እሁድ ደወለልኝና «አንቺ አልፈሽበታል፣ እስኪ ምከሪኝ» አለኝ። ቶሎ የመጣልኝ ማድረግ የሌለበት ነገር ነው። እኔም ተጠይቄያለሁ፣ ጓደኞቼም ሲጠየቁ አይቻለሁ። እንደዚያ ባማረ ቀን መሀል በትንሽ ጥንቃቄ ጉድለት የተከፋ ሰውም አውቃለሁ። ለእሱ ያልኩትን ነው የምጽፈው፤ ጠያቂዋ ሴት ከሆነችም አብዛኛው ያው ነው።

ጥያቄውን ራሱን ሰርፕራይዝ ማድረግ

ሰርፕራይዝ የሚሆነው ቀኑ ነው፣ ቦታው ነው፣ ቀለበቱ ነው። ስለ ትዳር ለመጀመሪያ ጊዜ አፍህን የምትከፍተው ተንበርክከህ ከሆነ ግን ለእሷ ድንገተኛ ፈተና ነው። በሰው አገር ደግሞ ይብሳል። የአንዳችሁ የመኖሪያ ፈቃድ ከሥራ ኮንትራት ጋር የታሰረ ሊሆን ይችላል። ኮንትራቱ ሲያልቅ ማን ማንን ተከትሎ ይሄዳል? ወላጅ ቢታመም ማን ይመለሳል? በየወሩ ለቤተሰብ የሚላከው ገንዘብ ከተጋባችሁ በኋላ ከማን ኪስ ይወጣል? ልጅ ሲመጣ አያቶቹን በምን ቋንቋ ያናግራቸዋል?

እኔና ባለቤቴ ይህንን ሁሉ አውርተን ለመጨረስ ወራት ፈጅቶብናል። አብዛኛውን ያወራነው ማታ ማታ እሱ ሳህን እያጠበ እኔ እያደረቅኩ ነው። እናቱ ጤና አልነበሩምና በማንኛውም ጊዜ ጠቅልሎ ሊመለስ እንደሚችል ነገረኝ። እኔ ደግሞ ትምህርቴን እስክጨርስ ሦስት ዓመት የትም መንቀሳቀስ እንደማልችል ነገርኩት። ያን ቀን ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ሳህኑን ጨርሰን ተኛን። መስማማት ላይ የደረስነው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፦ መመለስ ግድ ከሆነ እሱ ቀድሞ ይሄዳል፣ እኔ ትምህርቴን ጨርሼ እከተላለሁ። ሲንበረከክ «እሺ» ለማለት ያላመነታሁት ከባዱን ወሬ ቀድመን ስለጨረስነው ነው።

«እምቢ» ማለት በማትችልበት ቦታ መጠየቅ

ወንድሜን በጣም ያስጨነቅኩት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጥሩ ሰዎች ሳያስቡት የሚሳሳቱት ስህተት ነው። አስበው እስኪ። የመኖሪያ ፈቃዷ ባንተ ስም የመጣ ከሆነ፣ የቤት ኪራዩ ውል ባንተ ስም ከሆነ፣ በከተማው ውስጥ ካንተ ሌላ የምታውቀው ሰው ከሌለ፣ «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ማለት እንኳ ያስፈራታል። ያን ሌሊት የት ታድራለች? ነገ ከነገ ወዲያስ ወረቀቷ ምን ይሆናል? ይህ ሁሉ በጭንቅላቷ ውስጥ እየዞረ በዙሪያዋ ሃያ ሰው ስልኩን ደግኖ ሲቀርጽ የሚወጣው «እሺ» የልቧ መሆኑን በምን ታውቃለህ?

አንዲት ጓደኛዬ ሬስቶራንት ውስጥ በማታውቃቸው ሰዎች ፊት ተጠየቀች። ሰው አጨበጨበ፣ እሷም «እሺ» አለች። ማታ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስታለቅስ አደረች፣ በሦስተኛው ቀን ቀለበቱን መለሰች። ልጁን ትወደው ነበር። ያልፈለገችው እንደዚያ መጠየቁን ነበር።

ስለዚህ ጸጥ ያለ ቦታ ምረጥ። ሰው ቢኖር እንኳ ራቅ ይበል። ለጉዞ ከወጣችሁ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ምሽት አትጠይቃት፤ መልሱ ካንተ ምኞት የተለየ ቢሆን አንድ ክፍል ውስጥ ሳምንት ሙሉ ተፋጣችሁ መክረም ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ከቀኑ ብዙ ቀደም ብለህ፣ ወረቀቷ ባንተ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ «እኛ እንዴትም ብንሆን በወረቀትሽ አልጫወትም» በላት። ይህን ሰምታ የምትሰጥህ መልስ ሌላ ክብደት አለው።

የሚኖሩበትን አገር ሕግ አለማየትም አለ። አደባባይ ላይ መሳሳም የሚያስቀጣባቸው አገሮች አሉ። ከላይ በድሮን ላስቀርጽ ካልክ ፈቃድ ጠይቅ፤ ፓሪስን በመሰለ ከተማ ያለ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው።

የጣቷን ልክ በግምት መግዛት

እኔን የጠየቀኝ በብርድ ቀን ወንዝ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ነው። ጓንቴን አውልቆ ቀለበቱን አጠለቀልኝ። ትንሽ ሰፋ አለኝ፣ ግን ማን ልብ ይላል በዚያ ሰዓት! እጄ ሲቀዘቅዝብኝ ጓንቴን መልሼ አጠለቅኩና እጅ ለእጅ ተያይዘን ሄድን። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጓንቱን አወለቅኩ፣ ቀለበቱ የለም። በስልክ መብራት በረዶውን እየገፋን፣ የሄድንበትን መንገድ ጎንበስ ብለን አርባ ደቂቃ ያህል ፈለግን። እሱ አንድ ቃል አልተናገረም፣ እኔ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። በመጨረሻ ጓንቱን ወደ ውጭ ገለበጥኩት። የጣቱ ጫፍ ውስጥ ተቀርቅሮ ቁጭ ብሏል።

ጣት በብርድ ይሰበሰባል፣ በሙቀት ያብጣል። ረጅም በረራም ያሳብጠዋል። ጠዋትና ማታም አንድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የምንጽፍበት እጅ ጣት ከሌላው ትንሽ ወፈር ይላል፤ የግራ እጇን ልክ ከቀኝ እጇ ቀለበት ላይ አትውሰድ። በዚያው ጣት የምታደርገው ቀለበት ካላት እሱን ለአንድ ቀን ይዘህ ወርቅ ቤት ሄደህ አስለካ። ከሌላት እህቷን ወይም የቅርብ ጓደኛዋን ጠይቅ።

ሌላው በሰው አገር የሚያምታታው አለካኩ ነው። አሜሪካ በቁጥር፣ እንግሊዝ በፊደል፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በውስጥ ዙሪያው ሚሊሜትር ነው የሚናገሩት። በአሜሪካ 7 የሚባለው በአውሮፓ 54 አካባቢ ነው፣ የውስጡ ስፋት 17.3 ሚሊሜትር ይሆናል። ከሌላ አገር በኦንላይን የምታዝ ከሆነ ከቁጥሩ ጋር ሚሊሜትሩንም ጻፍላቸው። ተንግስተን ከሚባለው በጣም ጠንካራ ብረት የተሠራ ቀለበት እንደማይሰፋና እንደማይጠብም እወቅ። ዙሪያውን በሙሉ ድንጋይ የተደረደረበትም ለማስተካከል ያስቸግራል። የወርቅ ቀለበት ይሻላል፣ ለማንኛውም ወርቅ ሠሪ ከትንሽ ወደ ትልቅ ወይም በተቃራኒው መቀየር የዕለት ሥራው ነው።

ቀለበቱን በሚላክ ሻንጣ ውስጥ መክተት

አታድርገው። በእጅህ በምትይዘው ቦርሳ ይሁን። ፍተሻ ላይ ሳጥኑን እንዲከፍቱት ካልፈለግክ እሷን ቀድማ እንድታልፍ አድርግና ለብቻህ እንዲፈትሹህ ጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ ይተባበሩሃል። ደረሰኙንና የድንጋዩን የምስክር ወረቀት ፎቶ አንስተህ ሌላ ቦታ አስቀምጥ። ከሌላ አገር ገዝተህ የምትገባ ከሆነ ጉምሩክ አለ፤ ለምሳሌ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ተገዝቶ በአውሮፕላን የሚገባ ዕቃ በአጠቃላይ ከ430 ዩሮ በላይ ከሆነ ማስመዝገብ ግዴታ ነው።

ፀሐይዋንም እይ። ለንደን ውስጥ በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ትቆያለች። «ስትጠልቅ እጠይቃታለሁ» ብለህ እራት ስትጨርሱ ጨልሞ እንዳይጠብቅህ።

ቀለበትን እንደ ቪዛ መቁጠር

ቀለበት ስለታሰረ ማንም በማንም አገር የመኖር መብት አያገኝም። በጉብኝት ቪዛ የመጣች እጮኛ ቀኗ ሲያልቅ መውጣት አለባት። አሜሪካ ኬ-1 የሚባል የእጮኛ ቪዛ አላት፤ ማመልከት የሚችለው ግን ዜጋ ብቻ ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው አይችልም። ከማመልከቻው በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል መገናኘታችሁን ማሳየት ይጠበቅባችኋል፣ እጮኛዋ ከገባች በኋላም በ90 ቀን ውስጥ መጋባት አለባችሁ። የእንግሊዙ የእጮኛ ቪዛ 6 ወር ይሰጣል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን መሥራት አይፈቀድም። ያለ ሁለተኛ ደመወዝ ስድስት ወር መኖር መቻላችሁን ቀድማችሁ አስሉ።

በእጮኛ ቪዛ ለማምጣት ካሰባችሁ የቀለበቱን ዝግጅት ሰርግ አታስመስሉት። ቬሎና ሚዜ ያለበት ፎቶ ኤምባሲ ላይ «እነዚህ ተጋብተዋል ወይስ አልተጋቡም?» የሚል ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። ሌላው ወረቀት ነው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ቀድሞ ያገባ ካለ የፍቺ ውሳኔ፣ የሁሉም ሕጋዊ ትርጉም። የ1961ዱን የሄግ ስምምነት በተቀበሉ አገሮች መካከል አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ይበቃል፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ውጭ ጉዳይና ኤምባሲ መመላለስ ነው። ያላገባ ማስረጃ በብዙ ቦታ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ ቀኑ ሳይቆረጥ አታውጡት። ሕጉ ስለሚለዋወጥ የመጨረሻውን ቃል ከመንግሥት ድረ ገጽ ውሰዱ።

ለቤተሰብ ከመናገር በፊት መለጠፍ

ይሄ እስካሁን የሚያመኝ ነው። ያን ቀን አንድ ጓደኛችን ራቅ ብሎ ፎቶ አንስቶን ነበር። ደስ ብሎት ወዲያው ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፣ በክፋት አልነበረም። እኛ በረዶ ውስጥ ቀለበት እየፈለግን ነው። ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ከእናቴ አራት ሚስድ ኮል። ደወልኩ። «እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች። ቆይታ «ጎረቤት መጥታ እልል ስትልብኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስቀንበታል፣ ግን ያቺ ዝምታ ከጆሮዬ አልወጣችም። ርቀን ስለምንኖር በልደት የለንም፣ በበዓል የለንም፣ በሕመማቸው የለንም። የመጀመሪያዋን ስልክ ቢነፈጉ እንዴት አይከፋቸው?

መፍትሔው ቀላል ነው። ፎቶ የሚያነሳውን ሰው «እኛ እስክንለጥፍ እንዳትለጥፍ» በለው፣ በግልጽ። ማንን በምን ቅደም ተከተል እንደምትደውሉ ቀድመህ ጻፍ። የሰዓት ልዩነቱን አስላ፤ አንተ ጋ አመሻሽ ሲሆን እነሱ ጋ ሌሊት ከሆነ ጥያቄውን ወደ ቀን አምጣው። እሷን ሳትጠይቅ ግን ቤተሰብ በቪዲዮ ኮል በቀጥታ እንዲያይ አታድርግ፤ ያንን ፊቷን ማን እንዲያይ እንደምትፈልግ የምትወስነው እሷ ናት። መጀመሪያ ለሁለታችሁ ብቻ ትንሽ ጊዜ ይኑራችሁ። አንድ ሰዓትም ቢሆን።

ወንድሜ ዝርዝሩን ልኮልኛል። አንደኛ የእሷ አባት፣ ሁለተኛ እማዬ፣ ሦስተኛ እኔ። እኔ ጋ ሌሊት 9 ሰዓት ይሆናል። ስልኬን ትራሴ አጠገብ አድርጌ እተኛለሁ።