ጌሙ እምቢ ሲላችሁ፦ የጃፓን አርፒጂ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የጃፓን አርፒጂ (ገጸ ባሕሪ እየመራችሁ ታሪክ የምትከተሉበትና የምትዋጉበት ጌም) በጣም እወዳለሁ፤ ሰው ጀምሮ ሲያቋርጠው ደግሞ ያንገበግበኛል። ድራጎን ክዌስት በ1986፣ ፋይናል ፋንታሲ በ1987 ፋሚኮም (የኔንቴንዶ የድሮ ኮንሶል) ላይ ከወጡ ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ይህ ዘርፍ ትዕግስት ይጠይቃል። አንዱ ጌም 30 ሰዓት፣ ሌላው 100 ሰዓት ይፈልጋል። ያቋረጡትን ስጠይቅ መልሱ ያው ነው፦ «ሌቨሌ አልበቃ አለኝ፣ ግራይንድ ማድረግ ሰለቸኝ።» (ሌቨል የገጸ ባሕሪው የጥንካሬ ደረጃ ነው፤ ግራይንድ ደግሞ ያንን ለመጨመር ትናንሽ ጠላቶችን ደጋግሞ መምታት።) አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ ሌቨል አይደለም። ጌሙ የነገራችሁ ነገር አለ፣ እናንተ አልሰማችሁትም። እስቲ ከምልክቱ ተነስተን መንስኤውን እንፈልግ።

አንድ ቦስ ላይ ተጣብቃችሁ ቀራችሁ

ቦስ (ከሌሎቹ የሚበረታ ትልቅ ጠላት) ጋ ትገባላችሁ፣ ትሞታላችሁ። እንደገና ትገባላችሁ፣ እንደገና ትሞታላችሁ። ከዚያ ወጥታችሁ ትናንሽ ጠላቶችን ለሰዓታት ስትደበድቡ ትውላላችሁ። አምስት ሌቨል ጨምራችሁ ስትመለሱም ቦሱ ያው ነው።

ግራይንድ ከማድረጋችሁ በፊት አንዴ ለማየት ብቻ ግቡ። ለማሸነፍ አትሞክሩ። የገደላችሁ ምት የትኛው ነው? ከዚያ ምት በፊት ቦሱ ምን አደረገ? ወረቀት ላይ ጻፉት። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ።

ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ 3፦ ኖክተርን (2003) ላይ ያለውን ማታዶርን እንውሰድ። የበሬ ተፋላሚ ልብስ የለበሰ አጽም ነው። ገና ጌሙ ሳይሟሟቅ ይመጣና ስንቱን ተስፋ አስቆርጧል። «ሬድ ካፖቴ» የሚባል ስኪል (ልዩ ችሎታ) አለው፤ የመምታትም የማምለጥም አቅሙን ጣሪያ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የምትሰነዝሩት ምት አብዛኛው ይስታል። በዚህ ጌም ደግሞ መሳት ዋጋው ከባድ ነው፤ አንድ ምት ሲስት ሁለት ተርን (የመምታት ተራ) ይቃጠላል። አራት ሆናችሁ ገብታችሁ ሁለቴ ከሳታችሁ ዙሩ አለቀ ማለት ነው። ተራው የሱ ይሆናል።

መፍትሄው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያንን አቅሙን አውርዱት፤ «ሱኩንዳ» ወይም «ፎግ ብሬዝ» ያለው ዲመን (አብሯችሁ የሚዋጋ ፍጡር) ይዛችሁ ግቡ። ሁለተኛ፣ «ማዛን» የሚባለው የነፋስ ጥቃቱ ሁላችሁንም ይመታል። ስለዚህ ነፋስ የማይነካው ዲመን ፊውዝ አድርጉ (ዲመኖችን አዋህዳችሁ ፍጠሩ)፤ ዋናው ገጸ ባሕሪም «ሂፉሚ» የምትባለውን ማጋታማ (ችሎታና መከላከያ የምትሰጥ ዕቃ) ይያዝ። ነፋሱ የማይነካው ላይ ሲያርፍ ተርን የሚቃጠለው በማታዶር ነው። ያኔ ያ ያስለቀሳችሁ ቦስ መላ ቅጡ ይጠፋዋል።

ፋይናል ፋንታሲ 10 (2001) ላይ ደግሞ ዩናሌስካ አለች። በሁለተኛው ቅርጿ «ሄልባይተር» ትጠቀምና ፓርቲውን (ቡድናችሁን) በሙሉ ዞምቢ ታደርጋለች። ዞምቢ የሆነ ሰው ላይ ኪዩር (የፈውስ ማጂክ) ብትጠቀሙ ኤች ፒው (የሕይወት መጠኑ) ይቀንሳል፤ ስለዚህ ተጫዋቹ ቶሎ ብሎ ሁሉንም በሆሊ ዋተር ያጸዳል። ሦስተኛው ቅርጿ ግን «ሜጋ ዴዝ» ይዛ ትመጣለች። ይህ ዞምቢ ያልሆነውን ሁሉ ባንዴ ይገድላል። ኤች ፒያችሁ 9,999 ቢሆንም አያድናችሁም። መፍትሄው ቢያንስ አንድ ሁለቱን ዞምቢ እንደሆኑ መተው ነው። ከውጊያው በፊት ያለው ትዕይንት ስለማይዘለል አንዴ የተሸነፈ ሰው ሁሉንም እንደገና ማየት አለበት፤ አውቆ መግባት ይሻላል። እኔ ይህን ውጊያ በጣም ነው የማደንቀው። ሰዓታት ሙሉ በሽታን አጽዱ ሲላችሁ የቆየ ጌም፣ እዚህ ሲደርስ በሽታውን ተሸክማችሁ እንድትቆሙ ያደርጋችኋል።

ሰው ለምን ይህን አያይም? እኔ እንደሚመስለኝ የልማድ ጉዳይ ነው። በብዙዎቹ የፋይናል ፋንታሲ ጌሞች ቦስ ላይ መርዝ፣ እንቅልፍ፣ ዝምታ ብትሞክሩ አይሰራም። አንዴ ሁለቴ ሞክራችሁ ትተዋላችሁ። ከዚያ ያንኑ ልማድ ይዛችሁ ወደ ፐርሶና ወይም ወደ ሺን ሜጋሚ ቴንሴይ ትሄዳላችሁ። እዚያ ግን የቦስን ጉልበትና መከላከያ የሚቀንሱ ስኪሎች ይሰራሉ፤ እንዲያውም ጌሙ የተገነባው በነሱ ላይ ነው። ድራጎን ክዌስት 11 ላይም መከላከያ የሚያወርደው «ሳፕ» አብዛኞቹ ቦሶች ላይ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ጌም ስትጀምሩ ንቃችሁ የተዋችኋቸውን ስኪሎች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ሞክሩ።

በርግጥ ችግሩ ሌቨል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ (2010) ላይ ጠላቱ በሌቨል ብዙ ከበለጣችሁ ምታችሁ አይነካውም። እዚያ መፍትሄው አዳዲስ ቦታ መዞርና የጎን ተልዕኮዎችን መስራት ነው፤ ሁለቱም ኤክስፒ (ሌቨል የሚያሳድግ ነጥብ) ይሰጣሉ።

ሌቨል በጨመራችሁ ቁጥር ጌሙ ይበልጥ ከበደ

ይህ ምልክት ከታየ የያዛችሁት ፋይናል ፋንታሲ 8 (1999) ሊሆን ይችላል። እዚያ ጠላቶች ሌቨላቸው ከናንተ ሌቨል ጋር አብሮ ያድጋል። ግራይንድ ያደረጋችሁት ለነሱም ነው። ጉልበት የሚገኘው ከጃንክሽን ነው፤ ማጂክን ሰብስቦ ከጉልበት፣ ከኤች ፒ፣ ከፍጥነት ጋር ማያያዝ።

እንዲህ አድርጉ። ኬዛኮትል (ከጂኤፎቹ፣ ማለትም ከምትጠሯቸው ረዳት ፍጡራን አንዱ) «ካርድ» የሚባለውን ትዕዛዝ እንዲማር አድርጉ። ጠላቱን አድክማችሁ ወደ ካርድ ስትቀይሩት ኤክስፒ አይሰጥም፣ ኤፒ (ጂኤፎች ችሎታ የሚማሩበት ነጥብ) ግን ይሰጣል። ሌቨላችሁ ባለበት ይቆማል፤ ጂኤፎቻችሁ ይማራሉ። ከዚያ «ካርድ ሞድ» ካርዶቹን ወደ ዕቃ ይቀይራል፤ ዕቃውን ሪፋይን በሚባለው የጂኤፎች ችሎታ ወደ ማጂክ ትቀይራላችሁ። ከጠላት ላይ በ«ድሮው» ትዕዛዝ ማጂክ አንድ በአንድ ስትስቡ ከመዋል በብዙ ይሻላል።

ጅምሩ ሰለቻችሁ

ፐርሶና 4 (2008) ላይ የመጀመሪያው ዋሻ እስኪከፈት ረጅም ሰዓት ወሬ ብቻ ነው። እኔ ያን ወሬ እወደዋለሁ፤ ለጀማሪ ግን አላዝዝም። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ክሮኖ ትሪገርን (1995) ያዙ። የፋይናል ፋንታሲው ሳካጉቺ፣ የድራጎን ክዌስቱ ሆሪይና ሰዓሊው ቶሪያማ አንድ ላይ የሰሩት ነው። ጠላቶቹ አብዛኞቹ ከሩቅ ይታያሉ፣ ውጊያውም እዚያው በቆማችሁበት ይጀመራል። ከ20 እስከ 25 ሰዓት ባለው ጊዜ ታሪኩን ትጨርሱታላችሁ።

ያስጠላችሁ በየሦስት እርምጃው የሚመጣው ውጊያ ከሆነ ሴቲንጉን እዩ። የፋይናል ፋንታሲ 7፣ 8 እና 9 አዳዲስ ቅጂዎች ላይ ውጊያውን ማጥፋትና ፍጥነቱን ማብዛት ይቻላል። ከ1 እስከ 6 ያሉት የፒክስል ሪማስተር ቅጂዎች የኮንሶል እትምም ውጊያ ማጥፊያና ኤክስፒን እስከ 4 እጥፍ የሚያሳድግ አማራጭ አለው። መጠቀም ነውር አይደለም።

ከየትኛው ልጀምር?

የፋይናል ፋንታሲ ቁጥሮች ለየብቻ ታሪክ ናቸው፤ ከ6ም ከ10ም መጀመር ትችላላችሁ። ፐርሶናም እንደዚሁ። ትሬይልስ የሚባለው ተከታታይ ጌም ግን አይሆንም። ትሬይልስ ኢን ዘ ስካይ (2004) ታሪኩን አንጠልጥሎ ያቆምና በሁለተኛው ክፍል ይቀጥላል፤ በቅደም ተከተል ሂዱ።

ኤሊክሰር ተከምሮ ቀረ

ኤሊክሰርን (ኤች ፒንም ማጂክንም የሚሞላ ብርቅ ዕቃ) ለመጨረሻው ቦስ እያላችሁ አስቀመጣችሁ፣ ጌሙ አለቀ፣ ዕቃው ቀረ። አንድ ቦስ ላይ ሁለቴ ከሞታችሁ በሦስተኛው አውጥታችሁ ተጠቀሙ። በቃ።

ፐርሶና 5 ሮያል ተቆረጠባችሁ

ጓደኛችሁ ስለ ሦስተኛው ሴሚስተር ያወራል፤ የናንተ ጌም ግን ዲሴምበር ላይ አለቀ። መንስኤው የቀን መቁጠሪያው ነው። ተጨማሪው ታሪክ የሚከፈተው በጊዜ ከተሟላ ብቻ ነው፤ ቀኖቹ በጌሙ አቆጣጠር እነዚህ ናቸው። የማሩኪ ኮንፊዳንት (ከሱ ጋር ያላችሁ ወዳጅነት) እስከ ኖቬምበር 18 ደረጃ 9 መድረስ አለበት። አኬቺ እስከ ኖቬምበር 24 ደረጃ 8፣ ካሱሚ ደግሞ እስከ ዲሴምበር 18 ደረጃ 5። ዋናው ማሩኪ ነው፤ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ስለሆነ ሰው እንደ ተራ ገጸ ባሕሪ ያልፈዋል።

ቀን ለማትረፍ ፓላሱን (የጠላቱን ዋሻ) በተቻለ መጠን በአንድ ቀን እስከ ሀብቱ ድረስ ጨርሱት። ከሰው ጋር ስትውሉ ደግሞ የዚያን ሰው አርካና (የታሮት ካርድ ምድብ) የያዘ ፐርሶና (በውጊያ የምትጠሩት መንፈስ) ይኑራችሁ፤ ደረጃው ቶሎ ይወጣል። ኖቬምበር አልፎ ከሆነ የድሮ ሴቭ ከሌላችሁ በስተቀር አይመለስም። ኒው ጌም ፕላስ ጀምሩ፤ ብዙ ነገራችሁ አብሯችሁ ስለሚሻገር ሁለተኛው ዙር ይቀላል።

ሴቭ ጠፋ፣ ወይም ሴቭ አድርጋችሁ ታሰራችሁ

መብራት ሴቭ እየተደረገ ሳለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንድ ስሎት ላይ ደጋግማችሁ አትጻፉ። ሦስት ስሎት በተራ ተጠቀሙ፤ ኮንሶሉም እረፍት ሞድ ላይ ነው ብላችሁ ሴቭ ሳታደርጉ አትተኙ።

ሦስት ስሎት መያዝ ለሌላም ይጠቅማል። ፋይናል ፋንታሲ ታክቲክስ (1997) ላይ ሪዮቫነስ ቤተ መንግሥት የሚባል ቦታ አለ። በሩ ላይ አሸንፋችሁ ሴቭ ታደርጋላችሁ። ቀጥሎ ዋናው ገጸ ባሕሪ ራምዛ ብቻውን ዊግራፍ ከሚባል ቦስ ጋር ይገጥማል። ወጥቶ መዘጋጀት አይቻልም። ያላችሁ ሴቭ ያ ብቻ ከሆነ ጌሙን ከመጀመሪያው የምትጀምሩበት ዕድል ሰፊ ነው። እዚያ ለታሰረ አንድ መውጫ አለ። የራምዛን ፍጥነት የሚጨምረውን ትዕዛዝ (በመጀመሪያው ትርጉም «የል»፣ በፒኤስፒው ቅጂ «ቴይልዊንድ») ከዊግራፍ እየራቃችሁ ደጋግማችሁ ተጠቀሙ። እሱ አንዴ ሲንቀሳቀስ እናንተ ሁለት ሦስቴ የምትንቀሳቀሱበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ምቱት።

ይህን ጌም በስልክ በፒፒኤስኤስፒፒ (የፒኤስፒ ጌሞችን በስልክ የሚያጫውት አፕ) የምትጫወቱ ከሆነ ሴቭ ስቴት (አፑ ራሱ የሚያስቀምጠው ሴቭ) ብቻውን አይታመንም። አፑ አፕዴት ሲደረግ የድሮው ስቴት ላይከፈት ይችላል። በጌሙ በራሱ ሜኑ ሴቭ አድርጉ፤ እሱ የሚቀመጠው ፒኤስፒ በሚለው ፎልደር ውስጥ «ሴቭዳታ» የሚለው ጋ ነው። ያንን ፎልደር በየጊዜው ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ኮምፒውተር ኮፒ አድርጉ። ስልክ ስትቀይሩም ይኸው ፎልደር አዲሱ ስልክ ላይ ያው ቦታ ከገባ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።