አዲሱ ጎማ ለምን አስቸገረ? የስፖርት መኪና ጎማ ሲቀየር የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የወረደውን አሮጌ ጎማ ከመጣልዎ በፊት ወደ መኪናው ሆድ ዞሮ የነበረውን ጎኑን ወደ ብርሃን አዙረው ይዩት። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ቆሞ ሲታይ ገና የሚያስኬድ ጥርስ የነበረው የኋላ ጎማዬ፣ መኪናው ክሪክ ላይ ወጥቶ ሲፈታ፣ በውስጥ በኩል ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት ዙሪያውን ተልጦ ተገኘ። ስዳብሰው የወጣው ሽቦ ጣቴን ወጋኝ። ከአንድ ቀን በፊት በዚያው ጎማ ልጆቼን ጭኜ በፈጣን መንገድ ሄጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ጎማ ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው፤ አሮጌው እንዴት አለቀ? የስፖርት ጎማ ውድ ነው፣ ከተራው ጎማ ፈጥኖም ያልቃል። አሮጌውን የበላው ችግር መኪናው ላይ ካለ አዲሱንም ይበላዋል። ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች በቅደም ተከተል ማንበብ አያስፈልግም፤ የእርስዎን ፈልገው ከዚያ ይጀምሩ።

ምልክት፦ ጎማው በውስጥ ትከሻው ብቻ ያልቃል

አብዛኛው ሰው ጥፋቱን የሚያላክከው በካምበር ላይ ነው፤ ማለትም ጎማው ከላይ ወደ መኪናው በማዘንበሉ ላይ። እርግጥ ነው፣ የስፖርት መኪና ጎማ ኩርባ ላይ መሬቱን በሙሉ ስፋቱ እንዲረግጥ ተብሎ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በጥቂቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ስለዚህ የውስጡ ትከሻ ትንሽ ቀድሞ ቢያልቅ አያስደነግጥም። ሽቦ እስኪወጣ የሚያደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶ የሚባለው ልኬት ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎች ፊት ለፊት ማየታቸው ቀርቶ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲዞሩ፣ ጎማው በሄደበት ሜትር ሁሉ በጥቂቱ ወደ ጎን ይጎተታል። እየተንከባለለ ሳይሆን እየተፋቀ ይሄዳል ማለት ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። መዳፍዎን በጥርሱ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ ያንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶውን ይጠርጥሩ። በሁለቱም አቅጣጫ ልስልስ ሆኖ የውስጡ ብቻ ካነሰ ካምበሩን ያስለኩ።

መፍትሄው አዲሱ ጎማ በታሰረበት ቀን አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ማዘንበል በመሣሪያ ማስተካከል) ማሠራት ነው፤ ከአንድ ወር በኋላ አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ ግን ሱስፔንሽኑ ላይ ያሉት የላስቲክ ማያያዣዎች (ጎሚኒዎች) እንዳልላሉ ይታይ፤ የላላ ጎሚኒ ባለበት የተስተካከለ ልኬት መኪናው ከመሣሪያው እንደወረደ ይዛባል። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ የነበሩትን ቁጥሮች የያዘውን ወረቀት ይጠይቁና ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ጊዜ ጎማ ሲያልቅ የመጀመሪያው ማስረጃዎ እሱ ነው።

ሁለቱም ትከሻ አልቆ መሃሉ ከተረፈ ነፋሱ አንሶ ከርሟል፤ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል። ይህኛው ከነፋስ መለኪያ ሌላ አይጠይቅም።

ምልክት፦ ጎማው አዲስና ውድ ነው፣ ግን ያንሸራትታል

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም፣ ብዙ መኪና ከመንገድ የሚወጣውም እዚህ ነው።

ጎማው ከታሰረ ገና ቀናት ብቻ ከሆነው አይፍረዱበት። ላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚረዱ ነገሮች ፊቱ ላይ ይቀራሉ፤ ጥርሱም ገና ሙሉ ስለሆነ በኃይል ሲታጠፉ ይወዛወዛል። የመጀመሪያዎቹን 200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ያለ ጥድፊያ ይንዱ፤ በተለይ ዝናብ ላይ ረጅም ርቀት ይጠብቁ።

ከዚያ በኋላም የሚያንሸራትት ከሆነ ጥያቄው ይህ ነው፦ ጎማው የተሠራው እርስዎ በሚነዱበት ሙቀት ነው? ጎማ መንገድ የሚይዘው ላስቲኩ ለስልሶ በአስፋልቱ ሸካራ ፊት ውስጥ ሲገባ ነው። ለሞቃት ወቅት የተሠራ የስፖርት ጎማ የላስቲክ ቅይጥ አየሩ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ በረዶ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። ለውድድር ሜዳ የቀረበው ጎማ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ባለው የመጀመሪያ ኩርባ ላይ ግን ከተራ ጎማ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ጥርሱም ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ቦዩም ጥቂት ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ውሃውን የሚያስወጣበት የለውም። አንድ ወዳጄ «ሯጮች የሚጠቀሙበት» ተብሎ የተሸጠለትን ጎማ አስሮ፣ በጉም ጠዋት ከግቢ ወጥቶ ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ ሲይዝ የመኪናው ኋላ ዞሮ ፊቱን ወደመጣበት አደረገው። ፍጥነቱ አነስተኛ ስለነበር አልተጎዳም። ጎማው ምንም እንከን አልነበረበትም፤ ቦታው አልነበረም እንጂ።

በጎማው ጎን ላይ «ትሬድዌር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቁጥር ተጽፎ ያገኛሉ። የመነሻው ጎማ 100 ተብሎ፣ ሌላው ከእሱ አንጻር ስንት እጥፍ እንደሚቆይ ያሳያል። ቁጥሩን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የአንዱን ኩባንያ 300 ከሌላው 320 ጋር ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ በአንድ ኩባንያ ጎማዎች መካከል ግን ይረዳል። እንደ ጥቅል መመሪያ ከወሰዱት፣ በ300 አካባቢ ያለው ለመንገድ የታሰበ ጠንካራ የስፖርት ጎማ ነው። 200 እና ከዚያ በታች ያለው ወደ ሜዳው ያደላል። መኪናውን በየቀኑ ወደ ሥራ ለሚነዳ፣ ሰንበት ላይ ደግሞ ጠመዝማዛ መንገድ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን እመክራለሁ፣ ሳላመነታ። ሁለተኛውን የሚገዛ ሰው ለሜዳው ብቻ ሌላ ቸርኬ ቢኖረው ይሻለዋል። ብርዱ የሚበረታበት ወቅት ባለበት የሚኖር ደግሞ ወይ ለብርድና ለበረዶ የተሠራ ጎማ በሌላ ቸርኬ ይያዝ፣ ወይ ጥቂት የመያዝ ኃይል ለቅቆ ለአራቱም ወቅት የሚሆነውን የስፖርት ጎማ ይምረጥ።

ሦስተኛው ምክንያት «አዲስ» የተባለው ጎማ አዲስ አለመሆኑ ነው። ዲ ኦ ቲ ከሚሉት ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አኃዞች አሉ። 2321 ከሆነ በ2021 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንዳንድ ጊዜ ሙሉው ጽሑፍ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚወጣ በውጭ በኩል ካጡት በውስጥ ይፈልጉ። አራቱንም ጎማ ቸርኬ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ያንብቡ፤ ከታሰረ በኋላ መመለስ ክርክር ያመጣል። ሳይነዳ የቆመ ጎማም ያረጃል። ብዙ የመኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ስድስት ዓመት ሲሞላው እንዲቀየር ይመክራሉ።

የመጨረሻው ነፋስ ነው። ግፊት የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው። የጎማው ውስጥ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግፊቱ በግምት 0.1 ባር ይወጣል። መኪናው ረጅም መንገድ ሄዶ እንደቆመ መመሪያው በሚያዘው ልክ ከተሞላ፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ 0.2 ወይም 0.3 ባር ይጎድለዋል። ይህ ጉድለት መሪ ላይ በግልጽ ይሰማል።

ምልክት፦ መሪው ዘግይቶ ይታዘዛል፣ መኪናው የሚዋኝ ይመስላል

ልኬቱ አንድ ነው፣ ግን ጎማው አንድ አይደለም። 245/40 ዜድ አር 18 የሚለውን ብቻ አንብቦ መግዛት እዚህ ያደርሳል። 245 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 40 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 40 በመቶ መሆኑን ይናገራል፤ ዜድ አር ለከፍተኛ ፍጥነት መሠራቱን ያሳያል፤ 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጡት ቁጥርና ፊደል ናቸው የሚዘነጉት። ይህ ልኬት በ93ም በ97ም ይሸጣል። 93 አንድ ጎማ 650 ኪሎ ግራም፣ 97 ደግሞ 730 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ባለ 97ው ኤክስ ኤል የሚል ምልክት አለው፣ አካሉም የተጠናከረ ነው። ፊደሉ የፍጥነት ጣሪያው ነው፦ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «እኔ መቼ 300 እነዳለሁ?» ብሎ ዝቅ ማድረግ ስህተት ነው። ፊደሉ የሚነግረን ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚቋቋምም ጭምር ነው። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት የጭነት ቁጥርም ሆነ የፍጥነት ፊደል አይውረዱ።

አንዳንድ ጎማ ለአንድ መኪና ተብሎ የተቀመመ ነው። ለፖርሽ የተሠራው ኤን ከሚል ፊደልና ከቁጥር ጋር፣ ለቢ ኤም ደብሊው በኮከብ፣ ለመርሴዲስ ኤም ኦ በሚል ይታወቃል። ምልክቱ የሌለው ጎማ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ፊትና ኋላው ግን በስምም በምልክትም አንድ ይሁን። የፊቱ ባለ ምልክት፣ የኋላው የሌለው ሲሆን መኪናው ሚዛኑን ያጣል።

ነፋሱ ወጥቶም የሚሄደውን ራንፍላት አውልቀው ተራ የስፖርት ጎማ ካሰሩ መሪው መለስለሱ ይጠበቃል፤ ምቾቱም ይጨምራል። ብቻ እነዚህ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ተጠባባቂ ጎማ ስለሌላቸው የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ነፋስ መሙያ ሻንጣው ውስጥ ይግባ።

ምልክት፦ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ዳሽቦርድ ላይ መብራት በራ፣ ወይም ኃይሉ ያንገራግጫል

ይህ በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ይብሳል። አንድ ጎማ ተቀዶ አንዱን ብቻ ቀየሩ እንበል፤ አዲሱ ከሌሎቹ በ3 ሚሊ ሜትር ጥርስ ይበልጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ዙሪያው ግን በ19 ሚሊ ሜትር ያህል ይለያያል። በላይኛው ልኬት አዲሱ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 487 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ አሮጌው 492 ጊዜ ይዞራል። ይህን ልዩነት የሞተሩን ኃይል ለጎማዎቹ የሚያካፍሉት ዲፈረንሻሉና ኃይል አከፋፋዩ ያለ ዕረፍት ይሸከሙታል፤ ይሞቃሉ፣ ያልቃሉም። ኮምፒውተሩም አንዱ ጎማ እየተንሸራተተ ነው ብሎ ኃይል ይቀንሳል።

ቢቻል አራቱንም፣ ካልተቻለ በአንድ አክስል ያሉትን ሁለቱን አብረው ይቀይሩ። የሚፈቀደው ልዩነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ገጹን ይክፈቱት። ፊትና ኋላው በልኬት አንድ ሆኖ ሁለት ብቻ ሲገዙ፣ መኪናው በየትኛውም ጎማ ቢነዳ፣ የተሻለ ጥርስ ያላቸው ከኋላ ይታሰሩ። ፊቱ ቢያንሸራትት ፍጥነት ቀንሰው ይመልሱታል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ኋላው ከወጣ ግን ለመመለስ ጊዜ አይሰጥም።

ምልክት፦ ሲታጠፍ ፌንደሩን ይነካል፣ ወይም የፍጥነት መለኪያው ይሳሳታል

ከ18 ወደ 19 ኢንች ቸርኬ የወጣ ሰው የጎኑን ቁመት መቀነሱን ረስቷል። 245/40 በ18 እና 245/35 በ19 በዲያሜትር ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው የሚለያዩት። 245/40 በ19 ከገዙ ግን 25 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ መለኪያው ያንኑ ቁጥር እያሳየ መኪናው ከቀድሞው በ4 በመቶ ያህል በልጦ ይሄዳል። የቸርኬው ስፋትም ይታይ፦ 245/40 ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ስፋት ባለው ቸርኬ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ምልክት፦ በፍጥነት ላይ ንዝረት

ከ90 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ባላንስ ነው፤ ማለትም የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል አልሆነም። ባላንስ ተሠርቶ ካልጠፋ ቸርኬው እንዳልተጣመመ ያሳዩ። መኪናው ለሳምንታት ቆሞ ከነበረና ንዝረቱ ከተወሰነ ርቀት በኋላ ራሱ ከጠፋ፣ ጎማው ከሥር ተደፍጥጦ ነበር።

ምልክት፦ ዝናብ ላይ መሪው ድንገት ይቀላል

ጎማው ውሃው ላይ ተንሳፏል። ሰፊ ጎማ በደረቅ መንገድ የሚሰጠውን ሁሉ እዚህ ያስከፍላል፤ የሚያስወጣው ውሃ ብዙ ነውና። ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች ከፊቱ ጋር እኩል ይሆናሉ፤ የብዙ አገሮች የሕግ ወሰን እሱ ነው። እኔ በስፖርት መኪና 3 ሚሊ ሜትር ላይ እቀይራለሁ።

ጥርሱ ጥሩ ሆኖ ይህ ከሆነ ግን አስተሳሰሩን ይዩ። በጎኑ ላይ ቀስት ያለው ጎማ ቀስቱ ወደ ፊት በሚዞርበት አቅጣጫ፣ «አውትሳይድ» የሚል የተጻፈበት ደግሞ ጽሑፉ በውጭ መታየት አለበት። ተገልብጦ የታሰረ ቀስት ውሃውን ወደ መሃል ይሰበስባል። ከጎሚስታው ከመውጣትዎ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረው አራቱንም ያንብቡ፤ ቡለኖቹም መመሪያው ባዘዘው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጠበቁ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላም እንደገና ይፈተሹ።