ጎዳና ላይ ላለና ሱስ ለያዘው ሰው እንዴት እንድረስለት?

ብዙ ሰው መርዳት ይፈልጋል፤ ግን ግራ ይገባዋል። ገንዘብ ብሰጠው ለመጠጥ ቢያውለውስ? ላናግረው ብል ምን ብዬ እጀምራለሁ? ቢቆጣስ? እንዲህ እያሰበ ያልፋል፣ ነገም እንደዚያው ያልፋል፣ ቆይቶ ደግሞ ማየቱንም ይተወዋል። ይህን የምጽፈው እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት እጃችሁን እንድትዘረጉ ነው። ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ጥቂት ነገር ማወቅና ቀጠሮ ማክበር ግን ይጠበቅባችኋል።

ቀጠሮ ያልኩት በምክንያት ነው። ጎዳና ላይ የሚኖር ሰው ብዙዎች ቃል ገብተውለት ቀርተውበታል። ዘመድ፣ ባለሥልጣን፣ በጎ አድራጊ፣ ሁሉም «እንመጣለን» ብለው ሄደዋል። ስለዚህ አንድ ቀን መኪና ሙሉ ልብስ ጭኖ መጥቶ ከዚያ ደብዛው ከሚጠፋ ሰው ይልቅ፣ ባዶ እጁንም ቢሆን በየሳምንቱ በዚያው ቀን በዚያው ሰዓት ብቅ የሚል ሰው ይበልጥበታል። ከምትችሉት አሳንሳችሁ ቃል ግቡ፤ የገባችሁትን ግን ጠብቁ። መቅረት ግድ ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩት።

አቀራረብ

የተኛን ሰው በእግር አትነካኩ። ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው እንቅልፉ ንቁ ነው፣ በሌሊት ተደብድቦ ወይም ተዘርፎ ሊሆን ይችላል፣ ድንገት የሚነካውን ሁሉ አጥቂ ነው ብሎ ቢነሳ አይፈረድበትም። ራቅ ብላችሁ ድምጻችሁን አሰሙ። ሲነሳ ከላይ ቆማችሁ አታናግሩት፤ ቁጢጥ በሉ ወይም አጠገቡ ተቀመጡ። ስማችሁን ንገሩት፣ ስሙን ጠይቁት፣ በሚቀጥለው ስትመጡም በስሙ ጥሩት። በዕድሜ የገፉትን አንቱ በሉ። የቆሸሸ ልብስ ስለለበሰ ብቻ አባት የሚሆንን ሰው «አንተ» የሚል ስንት አለ! ካርቶኑን አትርገጡ፣ ዕቃውን ሳትጠይቁ አታንሱ። ለእናንተ ቆሻሻ የሚመስለው ላስቲክ ውስጥ መድኃኒቱ ወይም የልጁ ፎቶ ሊኖር ይችላል።

ደግሞ እባካችሁ ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ስለዚህ ጉዳይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ሰክሮ ወይም ራሱን ስቶ ያለ ሰው «ቅረጹኝ» ቢል እንኳ ፈቃድ ሰጠ አይባልም። እርዳታ ስለሚፈልግ እምቢ ለማለት ነጻ አይደለም። እሱ ነገ ያገግማል፣ ሥራ ይፈልጋል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፤ ቪዲዮው ግን እዚያው ይቆያል። ለዕርዳታ ገንዘብ ማሰባሰብ ካለባችሁ ስለ ሥራችሁ አውሩ፣ የገዛችሁትን ዕቃ አሳዩ። የሰው ፊት ግን ማስታወቂያ አይሁን።

ምን እንስጥ?

ገንዘብ መስጠትም አለመስጠትም የእናንተ ምርጫ ነው። እኔ አስቀድማችሁ ወስናችሁ ውጡ ነው የምለው፤ ከሰጣችሁ በኋላ «ለመጠጥ እንዳታደርገው» እያላችሁ ስብከት አትጨምሩበት። ካልሰጣችሁም «ዛሬ ገንዘብ አልሰጥህም፣ ግን ጊዜ አለኝ፣ እንጨዋወት» ማለት ይቻላል። ከሁሉም የሚሻለው የሚያስፈልገውን ራሱን መጠየቅ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ያልጠበቃችሁት ይሆናል። ደረቅ ካልሲ ትልቅ ነገር ነው፤ እግር በርጥብ ጫማ ውስጥ ሲውል ሲያድር ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ መራመድ ያቆማል። ጥርሱ ለተበላሸ ሰው ጠንካራ ምግብ አይሆነውም። ለሴቶች የወር አበባ ንጽህና መጠበቂያና የውስጥ ልብስ ያስፈልጋል፤ ይህን ሳይሳቀቁ እንዲቀበሉ ሴት ብትሰጣቸው ይመረጣል። ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ፣ ሰውነት መታጠቢያ፣ ዕቃ ማስቀመጫም እንደዚሁ።

መታወቂያ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎዳና ላይ ወረቀት ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ዝናብ ያበላሸዋል። ያለ መታወቂያ ደግሞ ክሊኒክ መመዝገብ፣ ሥራ መቀጠር፣ ቤት መከራየት አስቸጋሪ ነው። ማስረጃዎቹን እንዲያወጣ ማገዝ፣ ቅጂውንም በፈቃዱ ማስቀመጥ ከብዙ ልብስ ይበልጣል። አድራሻውን ብቻ ነግራችሁ አትላኩት፤ አብራችሁ ሂዱ፣ አብራችሁ ተሰለፉ። ብዙ ሰው የሚመለሰው ከበሩ ላይ ነው፤ ጥበቃው አይቶት ፊቱን ሲያጠቁርበት። አጠገቡ ሰው ሲኖር ነገሩ ይለያል።

ሱሱስ?

«መጀመሪያ ያቁምና ከዚያ ይረዳ» የሚለው አስተሳሰብ ትክክል ይመስላል። ግን አስቡት። ብዙዎች መጠጥም ሆነ ዕፅ የጀመሩት ወይም ያበዙት ጎዳና ከወጡ በኋላ ነው፤ ብርዱን ለመርሳት፣ ሌሊቱን ላለመፍራት፣ ያዩትን ላለማሰብ። የሚያስጠጣው ነገር ሁሉ እንዳለ ሆኖ መጠጡን ብቻ ተው ማለት ከባድ ጥያቄ ነው። ሳም ጼምቤሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒውዮርክ ውስጥ ነገሩን ገልብጦ ጀመረው፤ አስቀድሞ ቤት ይሰጥ፣ ሕክምናውና ድጋፉ አብሮ ይምጣ፣ ሱስ ማቆም ግን ለቤቱ ቅድመ ሁኔታ አይሁን። «ቤት ይቅደም» የሚባለው አካሄድ ይህ ነው። ፊንላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገር ፖሊሲ አድርጋዋለች። ካናዳ ደግሞ በ5 ከተሞች ከ2,000 በላይ ሰዎችን አሳትፋ ፈትሻዋለች፤ ቤት በቅድሚያ ያገኙት ከሌሎቹ ይልቅ በቤታቸው ጸንተው ቆይተዋል። ቤቱ ብቻውን ሱስን አያድንም። የሚታከምበት መሬት ግን ይሰጠዋል።

እናንተ ቤት መስጠት ላትችሉ ትችላላችሁ። አስተሳሰቡን ግን መውሰድ ትችላላችሁ። ጠጥቶ ያገኛችሁት ቀንም ሰላምታ ይገባዋል፣ ካልሲም ይገባዋል።

ስለ ሱሱ ስታወሩ አትከራከሩ። ሰው ሲገፋ ወደ ኋላ ይገፋል። ዊሊያም ሚለር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የማነጋገሪያ ዘዴ ዋናው ሐሳብ ሰውየው የመለወጥን ምክንያት ከራሱ አፍ እንዲያወጣው ማገዝ ነው። «መጠጡ ምን ያደርግልሃል?» ብላችሁ ጀምሩ። ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆት አያውቅም ይሆናል። ከዚያ «ምንስ ወሰደብህ?» በሉት። ሁለተኛውን ብቻ ከጠየቃችሁ ፈራጅ ትመስላላችሁ። መልሱን አድምጡ፣ በራሳችሁ አነጋገር መልሳችሁ ንገሩት፣ ዝም ሲልም ዝም በሉ። «አንዳንዴ ልተወው ያምረኛል» ካለ ያቺን ቃል ያዙ፤ «መቼ መቼ ነው የሚያምርህ?» ብላችሁ ቀጥሉ።

ሕይወት የሚያተርፉ ነገሮች

እዚህ ጋ በትኩረት አንብቡ።

ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣን ሰው «ከዛሬ ጀምሮ በቃ» ብላችሁ አታስቁሙት። በቅን ልብ የሚሠራ ከባድ ስህተት ነው። መጠጥ ድንገት ሲቋረጥ በሰዓታት ውስጥ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ጭንቀት ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ ቅዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ይህ ሰው ይገድላል። ማቆም ከፈለገ ሐኪም ባለበት ያቁም። ለአንዳንድ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶችም ይኸው ነው።

ሄሮይንን፣ ትራማዶልንና ሞርፊንን የመሳሰሉትን፣ ኦፒዮይድ የሚባሉትን፣ ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው የሚሞተው ትንፋሹ ስለሚቆም ነው። ጠርታችሁት፣ ደረቱ መሃል ያለውን አጥንት በጣት አንጓ አጥብቃችሁ አሽታችሁት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ያለ የሚመስል ማንኮራፋት ከሰማችሁ፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ወደ ሰማያዊ ወይም አመድ መልክ ከተለወጠ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ «ተኝቶ ነው» ብላችሁ አትለፉ። አምቡላንስ ጥሩ። ናሎክሶን የሚባለው፣ የኦፒዮይድን ጉዳት ለጊዜው የሚቀለብሰው መድኃኒት ካለ ስጡት፤ ካልነቃ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ ድገሙት። ኦፒዮይድ ያልወሰደ ሰው ላይ ጉዳት አያደርስም፣ ስለዚህ በጥርጣሬ አትዘግዩ። የማይተነፍስ ከሆነ በአፍ ትንፋሽ መስጠት የምታውቁ ስጡት። ከተነፈሰ በጎኑ አስተኙትና አብራችሁ ቆዩ፤ ናሎክሶን ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ሠርቶ ያልቃል፣ ያኔ ትንፋሹ እንደገና ሊቆም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ መድኃኒት እንዲህ ያለ አደጋ ሊያጋጥማቸው በሚችል ተራ ሰዎች እጅም እንዲኖርና አጠቃቀሙን እንዲማሩ መክሯል። ባላችሁበት ከተገኘ ሥልጠናውን ውሰዱ።

ከማገገሚያ፣ ከሆስፒታል ወይም ከእስር የወጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰጉታል። ሰውነቱ ዕፁን ለምዶ የነበረው ለቆታል። የድሮውን መጠን ቢወስድ ሊገድለው ይችላል። ይህን በግልጽ ንገሩት፤ መንገር መፍቀድ አይደለም።

ማስቲሽ ወይም ቤንዚን የሚስቡ ልጆችን ደግሞ አታሯሩጡ፣ አታስደንግጡ። እየሳቡ ሳሉ ድንገት መደንገጥና መሮጥ የልብ ምታቸውን አዛብቶ በቅጽበት ሊገድላቸው ይችላል። ንጹህ አየር ወዳለበት በእርጋታ አምጧቸው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። በብርድ ጊዜ «ትንሽ ቅመስና ይሙቅህ» ማለትም ይቅር፤ መጠጥ የሚሞቅ ስሜት ይሰጣል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን ቶሎ እንዲያጣ ያደርጋል።

ብቻችሁን አትሁኑ

አንድ ሰው ብቻውን ይህን ተሸክሞ አይዘልቅም። የሚሰለቸው ልቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ይደክመዋል። 5 ወይም 6 ሆናችሁ ቀን ተከፋፈሉ። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ። አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲተካ ሰዎቹን አስተዋውቁ። ገንዘብ አታበድሩ፣ የቤታችሁን አድራሻ ለመስጠት አትቸኩሉ፣ ሌሊት ስልክ የምታነሱበትን ሰዓት ወስኑ። ድንበር ማበጀት ጭካኔ አይደለም፤ ድንበር የሌለው ሰው ነው ተናዶ ጥሎ የሚሄደው። በአካባቢያችሁ ያሉ ክሊኒኮችን፣ ማገገሚያዎችን፣ ማደሪያዎችን አስቀድማችሁ ሄዳችሁ እዩ። ማንን ይቀበላሉ? በስንት ሰዓት? ሱስ ያለበትን ይመልሳሉ? ለኦፒዮይድ ሱስ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚሰጥበት ቦታ ካለ ጠይቁ፤ ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» የሚላችሁን አትስሙ።

ከዚያው ሕይወት የወጣ ሰው በቡድናችሁ ካለ ወሳኝ ቦታ ስጡት። እናንተ ወር የፈጀባችሁን እምነት እሱ በአንድ ቀን ያገኛል። ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረው በሁለት ጠጪዎች ወሬ ነበር። ግን አገግሟል ብላችሁ ሸክም አታብዙበት፤ እሱም ማረፍ አለበት።

ጎረቤት ማማረሩ አይቀርም። አትዘልፉት፣ ቅሬታው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ሽታ፣ ቆሻሻ፣ የሌሊት ጩኸት። መጸዳጃ፣ የቆሻሻ ከረጢትና ውሃ ሲገኝ ግማሹ ቅሬታ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጎረቤቱንም ሰዎቹንም አንድ ላይ አነጋግሩ።

ሱሱ ሲያገረሽ፣ ሊያገረሽም ይችላል፣ «አላልኩህም?» የምትለዋን አውጥታችሁ ጣሏት። እሱ ራሱ ከእናንተ በላይ አፍሯል፤ ሲያፍር ደግሞ ይሸሻል። ፈልጋችሁ አግኙት፣ «ደህና ነህ? ተጎድተሃል?» በሉት። ምን እንደቀሰቀሰው በኋላ ትነጋገራላችሁ፤ ደመወዝ የተከፈለበት ቀን ነበር? የሞተ ዘመድ መታሰቢያ? የድሮ ጓደኛ?

ቤት ካገኘ ሥራው አለቀ ብላችሁ እንዳትበተኑ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ዝምታው ይከብዳል። አልጋው እያለ መሬት ላይ የሚተኛ አለ፣ ጎዳና ላይ የቀሩ ጓደኞቹን ናፍቆ ተመልሶ የሚያድር አለ። በዚህ ጊዜ ጉብኝታችሁን አብዙት እንጂ አትቀንሱት። የውሃና የመብራት ክፍያ ቀኑን አብራችሁ መዝግቡ። ከጎረቤት ጋር አስተዋውቁት። ከሁሉም በላይ ስለ በሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የድሮ ጓደኞቹ ማደሪያ ፍለጋ ሲመጡ ምን ብሎ ይመልሳቸዋል? እምቢ ማለት ለሱ ክህደት ስለሚመስለው፣ ብዙዎች ቤታቸውን የሚያጡት በዚህ ነው። የሚለውን ቃል አብራችሁ ፈልጉ፣ ጮክ ብሎ ይለማመደው፣ በሌሊት ቢያስጨንቁት ለማን እንደሚደውልም ቁጥሩን በሩ ላይ ለጥፉለት።