ብዙ የኢሜይል አካውንቶችን በአንድ የሥራ ስልክ ሲይዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡና ወደ ውጭ በሚልክ የአዲስ አበባ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የሽያጭ ኃላፊ በስልኩ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት የኢሜይል አካውንቶች ይኖሩታል፤ በስሙ የተከፈተለት የድርጅቱ አድራሻ፣ አዲስ ደንበኞች የሚጽፉበትና ሠራተኞች በጋራ የሚከፍቱት አድራሻ፣ እንዲሁም ከተማሪነቱ ጀምሮ የሚጠቀምበት የግል ጂሜይል። በአንድ ጠዋት የሐምቡርጉ ገዢ ስለ ናሙናው የሰጠው መልስ፣ የመርከብ ወኪሉ ያዘጋጀው የቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ረቂቅ፣ የባንክ ማስታወቂያና የልጁ ትምህርት ቤት መልእክት ተከታትለው ይገባሉ። ስማርት ስልክ ይህን ሁሉ መያዝ አያቅተውም። ጉዳቱ የሚመጣው አካውንቶቹ አንድ ጊዜ በጥድፊያ ከተጫኑ በኋላ ሴቲንጋቸውን ተመልሶ የሚያይ ሰው ባለመኖሩ ነው።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚያስከፍለው ስህተት መልእክቱ ከየትኛው አድራሻ እንደሚወጣ ሳያረጋግጡ መላክ ነው። ለደረሰ መልእክት መልስ ሲጻፍ ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ መልእክቱ የገባበትን አካውንት ይጠቀማል፤ አዲስ መልእክት ሲጀመር ግን፣ በተለይም ከፎቶ ማኅደር ወይም ከሌላ አፕ ላይ ሰነድ ተመርጦ በቀጥታ ሲላክ፣ በነባሪነት የተመደበውን፣ ማለትም ሌላ ካልተመረጠ ስልኩ በራሱ የሚጠቀምበትን አካውንት ይወስዳል። ነባሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልኩ እንደተገዛ የገባው የግል አካውንት ሆኖ ይገኛል። በአይፎን የሜይል አፕ ላይ የላኪው መስመር ከግልባጭ ተቀባዮች መስመር ጋር ተጠቅልሎ ስለሚታይ በጣት ካልተነካ አይዘረጋም፤ ስለዚህ የቸኮለ ሰው አያየውም። ኢንቮይስ በዚህ መንገድ ከግል አድራሻ የደረሰው የገዢው ሒሳብ ክፍል ወይ የአጭበርባሪ ሥራ ነው ብሎ ክፍያውን ያግዳል፣ ወይ ደግሞ አምኖ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ወደ ግል አድራሻው መጻፍ ይጀምራል። በእኔ ግምት ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም የዋጋ ድርድሩ በድርጅቱ ኢሜይል ውስጥ አይገኝም፤ ሠራተኛው ሥራ በለቀቀ ጊዜም ማስረጃው አብሮት ይሄዳል።

ይህን ለመከላከል በመጀመሪያ የድርጅቱን አድራሻ ነባሪ ማድረግ፣ ቀጥሎም ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ ፊርማ መስጠት ያስፈልጋል። ፊርማው ለተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ለላኪውም ምልክት ነው፤ ከመልእክቱ ግርጌ የሥራ ኃላፊነቱና የቢሮው ስልክ ካልታየ አካውንቱ የተሳሳተ መሆኑን ከመላኩ በፊት ያውቃል። አይፎን የሚጠቀሙ ሰዎች በሜይል ሴቲንግ ውስጥ የድርጅታቸውን ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ላይ ከ@ ምልክት በኋላ ያለውን ክፍል) ቢያስገቡ፣ ከዚያ ውጭ የሆነ የተቀባይ አድራሻ ሁሉ በቀይ ይጻፍላቸዋል፤ ለባልደረባ የታሰበ የውስጥ የዋጋ ስሌት ተመሳሳይ ስም ላለው ደንበኛ እንዳይሄድ ይህ በእጅጉ ይረዳል። ከአይኦኤስ 16 (የአይፎን ሥርዓተ ክወና) ጀምሮ የላኩትን መልእክት እስከ 30 ሰከንድ ድረስ መልሶ ማስቀረት ስለሚቻልም፣ ሴቲንጉን ወደ 30 ከፍ አድርጎ መተው ይመከራል።

ሁለተኛው ስህተት የላኪውን ስም አይቶ አድራሻውን አለማየት ነው። የስልክ ስክሪን ጠባብ በመሆኑ አፖች ስሙን ብቻ ያሳያሉ፤ ስም ደግሞ ማንም ሰው እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በንግድ ኢሜይል ማጭበርበር ምክንያት ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሳራ እንደደረሰ ሪፖርት ተደርጎለታል፤ ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱም በነባር አቅራቢ ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ መላክ ነው። ብዙ አካውንት የያዘ ሰው በዚህ ረገድ አንድ ጥቅም አለው፤ መልእክቱ የገባበት አካውንት ራሱ መረጃ ይሰጠዋል። የጓንግዡ አቅራቢ የሚያውቀው የድርጅቱን አድራሻ ብቻ ሆኖ ሳለ በስሙ የተጻፈ መልእክት በግል ጂሜይል ከገባ፣ ይህ ብቻውን እጅን ለመሰብሰብ በቂ ምክንያት ነው። ሁሉንም አካውንቶች በአንድ የጋራ ኢንቦክስ ደባልቆ ማየት ግን ይህንን ምልክት ያደበዝዘዋል። ስለዚህ የክፍያ ጉዳይ ያለበትን መልእክት በራሱ አካውንት ውስጥ ገብቶ መክፈት፣ ስሙን ተጭኖ ሙሉ አድራሻውን ፊደል በፊደል ማንበብ፣ የባንክ ሒሳብ ለውጥ የተጠየቀ እንደሆነም በመልእክቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ከቀድሞ ጀምሮ በእጅ ባለው ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ የግድ ነው።

የጋራ አድራሻን እንደ ግል አድራሻ መያዝም ብዙ ቢሮዎችን የሚጎዳ ስህተት ነው። መልእክቱን ሰርቨር (ኢሜይሉ የሚቀመጥበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ትቶ በሚያሳየው በአይማፕ ዘዴ የተያያዙ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያዩት እዚያ ያለውን አንዱን ኢንቦክስ ነው። አንዱ ሠራተኛ በታክሲ ውስጥ ሆኖ የገዢን ጥያቄ ከፍቶ ቢያይ በሌሎቹ ዘንድም እንደተነበበ ሆኖ ይታያል፤ ሁሉም ሌላው ሰው መልስ ሰጥቷል ብሎ ስለሚያስብ ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። ስልኩን ለማቅለል ብሎ የድሮ መልእክቶችን የሚያጠፋም ከሁሉም ላይ ያጠፋቸዋል። ስለዚህ ቢሮው በጋራ አድራሻው ለሚመጣው መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በግልጽ መወሰን አለበት፤ ሌሎቹ የሚያነቡ ከሆነ፣ የእነርሱ ያልሆነውን መልሰው እንዳልተነበበ ምልክት ሊያደርጉበት ይገባል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ስህተት ስልኩን ፖፕ በሚባለው ሌላ የማያያዣ ዘዴ ማያያዝ ነው። ፖፕ መልእክቱን ከሰርቨር አውርዶ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፤ ቅጂ እንዲተው ካልታዘዘም ከሰርቨር ላይ ሊያጠፋው ይችላል። በዚህ የተነሣ የቢሮው ኮምፒውተር ባዶ ሆኖ፣ ስልኩ የተሰረቀ ዕለት የሁለት ዓመት የደንበኛ ደብዳቤ አብሮ ይጠፋል። አነስተኛ ድርጅቶች ፖፕን የሚመርጡት የተከራዩት ሰርቨር ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ኢንቦክሱ ሲሞላ አዲስ መልእክት ወደ ላኪው ስለሚመለስ ሥጋታቸው መሠረት አለው። ቢሆንም ስልኩን በአይማፕ፣ በተመሰጠረው የ993 ፖርት (በሴቲንግ ውስጥ የሚሞላ የግንኙነት ቁጥር) አያይዞ፣ የቆየውን ደብዳቤ በየወሩ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

የሥራ ኢሜይልን ሁሉ በራሱ ወደ ግል ጂሜይል እንዲተላለፍ ማድረግ ለባለቤቱ ምቾት ቢመስልም መወገድ ያለበት ልማድ ነው። የደንበኞች የፓስፖርት ቅጂና የባንክ መረጃ ድርጅቱ ወደማያዝበት ቦታ ይወጣል፤ ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ካወጣች በኋላ ይህ የድርጅቱ የሕግ ኃላፊነት ጭምር ሆኗል።

ማሳወቂያን በተመለከተ የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ የሥራው አካውንት ይጩኽ፣ የማስታወቂያና የግዢ መልእክት የሚገባበት ዝም ይበል። ይሁን እንጂ በአይፎኑ የሜይል አፕ የተያዘ ጂሜይል መልእክቱን የሚያመጣው በተወሰነ ጊዜ ልዩነት እንጂ ወዲያው ስላልሆነ፣ አስቸኳይ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው የጂሜይልን የራሱን አፕ ቢጭን ይመረጣል።

የመጨረሻው ስህተት ስልኩ የሚጠፋበትንና ሠራተኛው የሚለቅበትን ቀን ሳያስቡ አካውንት መጫን ነው። የድርጅት አካውንት በግል ስልክ ላይ ሲጫን፣ እንደ አጫጫኑ ሁኔታ፣ የድርጅቱ አይቲ ክፍል ስልኩን ከርቀት ሙሉ በሙሉ የማጽዳት ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል፤ የቤተሰብ ፎቶም አብሮ ይሄዳል። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ የሥራውን አፖች ለብቻ የሚያስቀምጥ የሥራ ፕሮፋይል ስላለው፣ በዚያ በኩል እንዲጫን መጠየቅ የሠራተኛው መብት ሊሆን ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚጸዳው የሥራው ክፍል ብቻ ይሆናል። ድርጅቱም በበኩሉ የጋራ አድራሻውን የማረጋገጫ ኮድ በአንድ ሠራተኛ የግል ሲም ካርድ ላይ ማሰር የለበትም፤ ያ ሰው ወደ ዱባይ ሄዶ ቁጥሩ ቢዘጋ ቢሮው በሙሉ ከራሱ ኢሜይል ውጭ ይቀራል። ማረጋገጫው በድርጅቱ ስም በወጣ ቁጥር ይሁን፤ አካውንቱ የሚሰጣቸው የመጠባበቂያ ኮዶችም በወረቀት ታትመው ከማኅተሙ ጋር በካዝና ይቀመጡ፤ ሠራተኛ በለቀቀ ቁጥርም የይለፍ ቃሉ በዚያው ዕለት ይቀየር።