በባርነት ያለፉ የአገር ሽማግሌን የሕይወት ታሪክ እንዴት መዝግቦ ማቆየት ይቻላል?

በጎጃም ባርነትን ቀምሰው፣ ኋላ ዕድር መሥርተውና ደም አድርቀው ያለፉ ሽማግሌዎች ነበሩ። ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ታሪካቸውን ዛሬ የሚነግሩን በአብዛኛው ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው።

በመጀመሪያ የቤተሰቡን ፈቃድ ይጠይቁ። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር በሚቆጠርበት አገር «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም የልጅ ልጅን ትዳር ሊያሰናክል ይችላል። ስለዚህ የሚቀረጸው፣ የሚታተመውና በቤት ብቻ የሚቀመጠው የትኛው እንደሆነ ከታላቁም ከታናሹም ጋር አስቀድመው ይስማሙ።

ቀጥሎ ስሞቹን ይጻፉ። አንድ ሰው ወላጆቹ ያወጡለት፣ ጌታው የሰጠውና በክርስትና የተጠራበት ሦስት ስም ሊኖረው ይችላል። ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት የአባታቸውን የትውልድ ስም ስጠይቃቸው ሲኒውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያም ስሙን በሹክሹክታ ነግረውኝ «እናቱ የጠራችው በዚህ ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ዝምታ በሌላ ጥያቄ አያቋርጡት። ከመተከል በኩል ተፈንግለው የመጡ ብዙዎች ስለነበሩ፣ ስሙን ጉሙዝኛ ለሚያውቅ ሰው ማሰማት የትውልድ ቦታውን ሊጠቁም ይችላል።

ዓመተ ምሕረት የማያስታውስ ተራኪን በሚያውቀው ነገር ይጠይቁት፦ የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ከተሻሩበት ከ1924፣ ከጣሊያን ጊዜ፣ ከ1960ው የገበሬዎች አመፅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ግን ከነፃነት በኋላ ያለው ኑሮ ነው። በጎጃም ርስት የሚገኘው ዘር ተቆጥሮ ስለነበር፣ የዘር ሐረጉ የተቆረጠበት ሰው እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የማንን መሬት አርሶ እንደኖረ፣ ርስት ሳይኖረውም የርስት ጠብ ዳኛ ሆኖ እንዲቀመጥ ማን እንደመረጠው፣ መጀመሪያ ያስታረቀው እነማንን እንደሆነ በዝርዝር ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ «ነፃ ወጣ» በሚለው ላይ ያልቃል፤ ይህ የሰውየውን ሥራ ሁሉ መጣል ነው።

የዕድሩን መዝገብም ያገላብጡ። በለቅሶው ላይ የተገጠመውን ሙሾ የሚያስታውሱ ሴቶች ካሉ ቃል በቃል ይቅረጹ፤ በፊቱ ያልተነገረው ውለታ በሙሾ ይነገራልና። የንስሐ አባቱን ግን ምስጢር አይጠይቁ።

ድምፁን በሦስት ቦታ ያስቀምጡ፦ አንዱን በቤተሰቡ ዘንድ፣ አንዱን በራስዎ፣ ሦስተኛውን ቤተሰቡ ከፈቀደ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የተራኪው ስም፣ ቀኑና ቀበሌው ይጻፍ። የተጻፈውን ለማንም ከመስጠትዎ በፊት ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ በሹክሹክታ የተነገረው ስም በትክክል መጻፉንም እነርሱ ያረጋግጡ።